ቀትር ላይ የጠፋ ሰው

«እማማ፣ እንደዚያን ጊዜው አድርገው አሁንም ማልቀስ ይችላሉ?» አለቻት ከቴሌቪዥን ጣቢያው የመጣችው ልጅ፣ ገና በማለዳ፣ ፊታችንን እንኳ ሳንታጠብ። ትሪክሲ እባላለሁ ብላናለች። በቤታችን ባለችው አንዲት ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እናቴ ያቀረበችላትን ትኩስ ዳቦ ሳትነካ፣ ስልኳን በአውራ ጣቷ እየደባበሰች ነው የምትጠይቀው። እናቴ ኦሬሊያ ደረቅ ዓሣዋን ከመጥበስ ቀና አላለችም። «የሽንኩርት ዋጋ ካነሳሽብኝ አለቅሳለሁ» አለቻት። ልጅቷ አልሳቀችም፤ ጻፈችው። ቤታችን ኬዞን ከተማ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንደር ውስጥ ነው። በፊት ለፊቱ መስኮት እናቴ በትንንሽ ላስቲክ የታሸገ ሻምፖ፣ በፍሬ ሲጋራ፣ በብርጭቆ ኮምጣጤ ትሸጣለች። ማቀዝቀዣው ላይ የእመቤታችን ሐውልት ቆማለች። የኛ አይደለችም፤ በየሳምንቱ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች የምታድር የመንደሩ ሐውልት ናት፣ በዚህ ሳምንት ተራው የኛ ነው። ከሷ ጎን ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ የሰጠን የምስክር ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል፦ «አርአያ ባልና ሚስት፣ ክሪሳንቶና ኦሬሊያ ሉማዋግ»። አርአያ የተባለው ባል በዚያ ሰዓት በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ከጎረቤት የተዋሰውን ባሮንግ፣ ያቺን ለሠርግና ለቀብር የምትለበስ ስስ ሸሚዝ፣ እንዳትጨማደድበት በሁለት ጣቱ ይዟት ነበር።

ድንቄም ክሪሳንቶ! እኔ ልጃቸው ጆናሊን ልንገራችሁና ይውጣልኝ። ያ ሰው ክሪሳንቶ አይደለም። አባቴም አይደለም፣ ምንም እንኳ አባባ ብዬው ያደግሁት እሱን ቢሆንም። ይህን መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ቄሱ ያውቃሉ፣ ቀበሌው ያውቃል፣ ውሻው ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው።

ነገሩ የመጣው «ቀትር ላይ» ከሚባለው የዜና ፕሮግራም ነው። ዛሬ ሊዘጋ ነው፤ ለዚህም ነው ልጅቷ የመጣችው። ሲጀመር በእርግጥም ቀትር ላይ ነበር የሚተላለፈው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የፕላስቲክ አበባና ኤድሰል ቪላፍሎር የሚባል መልከ መልካም ዜና አንባቢ ነበሩት። መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት በዚያ ዘመን ሰዉ ምሳውን እየበላ ድምፁን ብቻ በባትሪ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። በኋላ የጭፈራና የሽልማት ትርኢት መጣና ቀትርን ወሰደበት። ዜናው ትንሽ ወደ ጠዋት ተገፋ፤ ጭፈራው ሲረዝም ዜናው እንደገና ተገፋ፣ እየተገፋ እየተገፋ ረፋድ ላይ ደረሰ፣ ስሙን ግን የለወጠለት የለም። ጠዋት በቁርስ ሰዓት «እንደምን ዋላችሁ፣ ቀትር ላይ ነን» ሲል ሰዉ እሺ ብሎ ለመደው። እንዲያም ሆኖ ያስከበረው ዜናው አልነበረም። እኛ አገር የተበደለ ሰው ፍርድ ቤት አይሄድም፤ ከሄደ እዚያው ያረጃል። ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያ በር ነው የሚሄደው። መሬቱን የተቀማ፣ ደመወዙ የቀረበት፣ ልጁ የጠፋበት ሁሉ በሌሊት ተሰልፎ ተራ ይይዛል፤ ከዜናው መጨረሻ ላይ ማይክ ይሰጡትና «እባካችሁ» እያለ ለአገር ይናገራል። እናቴም የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ እኔን አዝላ ሄደች። ክሪሳንቶ፣ እውነተኛው አባቴ፣ ሲጋራ ልግዛ ብሎ ወጥቶ ነበር የቀረው። ሲጋራ የምንሸጠው እኮ እኛ ነን!

እናቴ በዚያን ቀን እንዴት እንዳለቀሰች ያላየ የለም። እኔም ከጀርባዋ ላይ ሆኜ ንፍጤ እስከ አገጬ ወርዶ ነበር፤ እስከ ዛሬ ድረስ መንደሩ «ንፍጧ» ነው የሚለኝ፣ የፋርማሲ ሠራተኛ ሆኜም። በማግስቱ የጣቢያው ሰዎች ካሜራ ይዘው እንዴት እንደዋልን ሊያዩ መጡ። በዚያችው ቅጽበት ደግሞ ቴዎፊሎ አብሬኒካ የሚባል ማራገቢያ ጠጋኝ፣ ምግብ ቤት ውስጥ ሥራ ላይ ሳለ እናቴን በቴሌቪዥን አይቶ አንጀቱን በልታው ኖሮ፣ አንድ እጅ ሙዝ አንጠልጥሎ ሊያጽናናት በራችን ላይ ቆሟል። አስቡት እንግዲህ። ካሜራ፣ የምታለቅስ ሴት፣ በሯ ላይ ሙዝ የያዘ ወንድ። ጋዜጠኛው «ክሪሳንቶ ተመለሰ!» ብሎ ጮኸ። መብራቱ በራ። መብራት የበራበት ሰው ደግሞ አይደለሁም አይልም፤ ቴዎፊሎ ዓይኑን እያርገበገበ ዝም አለ። እናቴም ዝም አለች። ምሳ ሰዓት ላይ አገሩ በሙሉ እልል አለ፣ ቄሱ መጥተው ቤቱን ባረኩ፣ ቀበሌው ሩዝ ላከ። እኛ አገር ፍቺ የሚባል ነገር የለም። ባል ይጠፋል እንጂ አይፈታም። ባሏ የጠፋባት ሴት ሌላ ሰው ቤቷ ብታስገባ ኃጢአተኛ ናት፣ ያው ሰው በጠፋው ባል ስም ቢገባ ግን አርአያ ናት። ቴዎፊሎ ያን ዕለት ምሳ በላ፣ ማራገቢያውን ጠገነ፣ በማግስቱ ጣሪያውን ሊያይ መጣ፣ ቀረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ በኛ ቤት ያደረውም የጠራውም ውሸቱ ነው።

ብቻ አንድ ነገር ነበር። እናቴ በዚያ ስም ጠርታው አታውቅም፤ ክሪሳንቶ ለማለት ምላሷ እምቢ አለ። በራሱ ስም መጥራትም ፈራች፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ መንደርተኛው ያውቃል እንጂ መስማት አይፈልግም። ስለዚህ «አንተ» ነው የምትለው። «አንተ፣ ብላ።» «አንተ፣ ዝናብ መጣ፣ ልብሱን አስገባ።» እሱም በቤቱ እንግዳ ሆኖ ነው የኖረው። ከሁላችን በኋላ ይበላል፣ ባለመደገፊያዋ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ ባዶዋን ብትውልም ሣጥኑ ላይ ነው ቁጭ የሚለው። አንዴ ልጅ ሆኜ ለምን ስለው «እዚህ ይነፍሳል» አለኝ።

ትሪክሲ ሦስታችንንም በጣቢያው መኪና ጭና ወሰደችን። መንገዱ እንደ ልማዱ ተዘግቶ ቆመን ቀረን። በመስኮቱ ኦቾሎኒ ይሸጣሉ፣ ሾፌሩ ስለ ነዳጅ ያማርራል፣ እናቴ ስለ ሩዝ ታማርራለች፣ ተስማሙ። ልጅቷ ከቦርሳዋ የራስ ምታት ቅባት አውጥታ «ከዓይንዎ ሥር ትንሽ ቢቀቡት እንባው ራሱ ይመጣል፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርጉት» አለቻት። «ልጄ፣ ጉልበቴን ነው የሚያመኝ» አለቻት እናቴ፣ ቅባቱንም ተቀብላ ጉልበቷን አሸችበት። ቴዎፊሎ ከኋላ ወንበር ሳቀ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያሰማት የመጀመሪያ ድምፅ ናት። ፈርቷል፣ አውቀዋለሁ፤ ሲፈራ የሸሚዙን ቁልፍ እየፈታ ይቆልፋል።

ጣቢያው ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ የሬሳ ማቆያ ነው። እንግዳ ማረፊያ በሚሉት ክፍል ሦስት ወንበሮች ላይ ደርድረውን የቀደመውን ታሪክ በትንሽ ቴሌቪዥን ከፈቱልን፦ የፕላስቲኩ አበባ፣ ጎርፉ፣ የእሳተ ገሞራው አመድ፣ ኤድሰል ጸጉሩ ጥቁር ሳለ፣ ኤድሰል ጸጉሩን ጥቁር ማቅለም ከጀመረ በኋላ። «የናንተ ታሪክ ማጠቃለያው ነው» አለች ትሪክሲ። «በዚህ ሁሉ ዘመን መልሰነው የዘለቀ ትዳር ይሄ ብቻ ነው። ሌሎቹን ሁሉ ስንከታተላቸው ተጣልተዋል።» በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ዘበኛው አንድ ሽማግሌ አስከትሎ ገባ። ቀጭን፣ ኮፍያውን በእጁ የያዘ፣ በፌስታል ልብሱን ያንጠለጠለ። «ትሪክሲ፣ ይሄ ሰውዬ ክሪሳንቶ ሉማዋግ ነኝ ይላል። መታወቂያውን አይቻለሁ፣ ልክ ነው» አለ ዘበኛው።

ሰውዬው የኔን አፍንጫ ነበር ፊቱ ላይ ይዞ የመጣው። «ኦሬሊያ» አለ። «ጠርተሽኝ ነበር። ይኸው መጣሁ።» እናቴ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ሰላሳ ዓመት ገደማ የተጠራቀመ ነገር ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ። «መንገድ ተዘግቶብህ ነው?» አለችው። እሱ ግን የምር ጥያቄ መሰለው፤ ማስረዳት ጀመረ። «ደቡቡ ደሴት ላይ፣ ዳቫኦ ነበርኩ። ያኔ ስታለቅሺ ምግብ ቤት ሆኜ አየሁሽ፣ ልቤ ተነካ። ልመጣ እያልኩ በማግስቱ ክሪሳንቶ ቤቱ ገባ ሲሉ ሰማሁ። እኔ ቤቴ ከገባሁ ማን ይፈልገኛል ብዬ አርፌ ተቀመጥኩ።» እዚያ አብራው የኖረችው ሴት ዘንድሮ መሞቷን፣ ልጆቿ እንዳስወጡት፣ ባለፈው ሳምንት የፕሮግራሙን ማስታወቂያ አይቶ በመርከብ መምጣቱን ጨመረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በሕጉም በቤተ ክርስቲያኑም ሚስቴ ነሽ። ቤቱም የሁለታችን ነው» አለ። ክፋቱ፣ እውነቱን ነው። ይህ ሰው ነገ ወረቀቱን ይዞ ቀበሌ ቢሄድ ቴዎፊሎን ከነሣጥኑ ማስወጣት ይችላል። እኔም አወቅሁ፣ እናቴም አወቀች።

ከሁላችን በፊት ነገሩ የገባው ግን ቴዎፊሎ ነው። ቀስ ብሎ ተነሳ። በተዋሰው ባሮንግ የተቀመጠበትን ወንበር በመዳፉ ጠረገና «ይቅርታ ጌታዬ፣ ወንበሩ የርስዎ ነው፣ ይቀመጡ» አለው። ሄዶም ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሰውዬውም ተቀመጠ፣ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳይል። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «አንቺ ጆናሊን ነሽ? አድገሻል» አለኝ። «ሲቆይ ያድጋል» አልኩት። እናቴ እኔንም ሰውዬውንም አላየችም። ግድግዳው ሥር የቆመውን ነበር የምታየው፣ ቁልፉን ሲፈታና ሲቆልፍ። እንደዚያ አድርጋ ስታየው አይቻት አላውቅም፤ አሳዘናት፣ ደግሞም ተናደደች፣ በማን እንደሆነ እንጃ።

ትሪክሲ አለቃዋ ጋ ደውላ ኮሪደሩ ላይ ስትንሾካሾክ ቆየችና ተመልሳ ገባች። «ተጣርቷል» አለች፣ ፊቷ ወረቀት መስሎ። «በእኛ ማህደር መሠረት ክሪሳንቶ ሉማዋግ እኚህ ናቸው» አለችና ወደ ቴዎፊሎ ጠቆመች። ሰውዬው መታወቂያውን አውጥቶ አርገበገበ። «የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ነኝ እኔ!» «ገብቶኛል አባባ፣ ግን በቪዲዮው ላይ የሉም። ታሪካችን ተሠርቶ አልቋል፣ አሁን ሰው መቀየር አንችልም።» ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ነገ እሷም ከሥራ ውጪ ናት። ሰውዬውን እንዳይጮህባት በሳንድዊች አባብላ ስቱዲዮ ወሰደችውና ከአጨብጫቢዎቹ መሐል አስቀመጠችው። አጨብጭቡ የሚል ምልክት ሲያሳዩ ክሪሳንቶም ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የራሱን መመለስ አጨበጨበ።

ኤድሰል ቪላፍሎር በቅርብ ሲያዩት የተለበጠ ሶፋ ነው። እናቴንና ቴዎፊሎን ከጎኑ አስቀመጠ፣ እኔን ከካሜራው ጀርባ አቆሙኝ። ያቺን የጥንት ለቅሶ ከፈቱ፤ ንፍጤ ጋ ሲደርስ አጨብጫቢው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ምልክት ሳያሳዩት። ከዚያ ኤድሰል ድምፁን አሳዘነና «እማማ ኦሬሊያ፣ ዛሬ የመጨረሻ ቀናችን ነው። ያኔ በዚህች ማይክ ተጣርተው ባልዎን አገኙ። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻዋን የምስጋና ቃል ለርስዎ ሰጥተናል» አላት። ትሪክሲ ከኔ ጎን ቆማ በጣቷ ከዓይኗ ሥር ታሳያታለች፣ አልቅሱ፣ አልቅሱ። እናቴ ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች። አንዴ ወደ አጨብጫቢዎቹ አየች፣ አንዴ ወደ ጎኗ።

«ኦሬሊያ እባላለሁ» አለች። «ሰው ጠፍቶብኝ ነው የመጣሁት።»

ኤድሰል ሳቅ አለ። «እማማ፣ እሱ እኮ የዛሬ...»

«ቆይ ልጄ፣ ወረፋ ይዤ ነው። የጠፋብኝ ሰው ቴዎፊሎ አብሬኒካ ይባላል። አጭር ነው፣ ማራገቢያ ይጠግናል፣ ሲያንኮራፋ እስከ ዋናው መንገድ ይሰማል። አንድ ቀን ሳለቅስ አይቶኝ ሙዝ ይዞ መጣ። እናንተ መብራት አበራችሁበትና የሌላ ሰው ስም አለበሳችሁት። እኔም አላወለቅኩለትም። ሰው ምን ይለኛል፣ ቄሱ ምን ይሉኛል እያልኩ። ልጄን ያሳደገው እሱ ነው። በአውሎ ነፋስ ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን በሆዱ የያዘው እሱ ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ቤቴ ውስጥ በእንግድነት ተቀመጠ፣ እኔም እንግዳ አድርጌ አስቀመጥኩት፣ ይቅር ይበለኝ።» እዚህ ላይ ድምፇ ተሰበረ፤ ቅባት የለ፣ ምን የለ። «ባሌ የነበረው ሰውዬ ተገኝቷል፣ ያውላችሁ እዚያ ጋ ሳንድዊች እየበላ ነው፣ እሱን አልፈለግኩም። ቴዎፊሎን ያያችሁ ካላችሁ ግን፣ ኦሬሊያ ቤትህ ግባ ብላሃለች በሉልኝ። በገዛ ስምህ ግባ ብላሃለች በሉልኝ። ቴዎፊሎ!»

«አቤት» አለ ከጎኗ።

አቤት ብቻ። ትንሽ ድምፅ ናት፣ ሁላችንም ሰማናት። ኤድሰል ፊቱ ያለውን ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ፤ በሕይወቱ ሙሉ ያልጻፉለትን ቃል ተናግሮ አያውቅም። አንድ ሰው ከላይ «ማስታወቂያ! ማስታወቂያ!» ብሎ ጮኸና አገሩ በሙሉ የልብስ ሳሙና ማየት ጀመረ። ከሳሙናው በኋላ ጭፈራው ገባ። «ቀትር ላይ» በዚሁ አለቀ። ከስህተታችን ይቅርታ እንጠይቃለን የሚባልበት ነገ አልነበረውም። ትሪክሲ ካሜራው ጀርባ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች፤ ለፕሮግራሙ ይሁን ለእናቴ አልጠየቅኋትም፣ ሶፍት ሰጠኋት።

ስንወጣ በሩ ላይ ለእንግዶች የተዘጋጀ ስጦታ ነበር፦ የሩዝ ማብሰያና አንድ ካርቶን ኑድል፣ ላዩ ላይ «ለክሪሳንቶ ሉማዋግ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት። ዘበኛው «መታወቂያ» አለ። ክሪሳንቶ አሳየና ተረከበ። የወሰደው ይሄንን ብቻ ይሁን፣ ወይስ ነገ ወረቀቱን ይዞ ይመጣ እንደሆን አላወቅንም፤ እስካሁንም አናውቅም። ካርቶኑን አቅፎ ትንሽ ቆመ። «ያንኮራፋል አልሽ?» አላት። «በጣም» አለችው። ራሱን ነቀነቀና ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደ። ከኋላው ሳየው ትከሻው የኔ ነው፤ አዘንኩለት፣ እርግማን ነው።

መንደር ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ገብቷል። የመቁጠሪያ ጸሎት ማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬ ፐርፔቱዋ ሁለት ሴቶች አስከትላ በራችን ላይ ቆማለች። «ጉድ! ጉድ! እኛ ምን እናውቃለን! ክሪሳንቶ መስሎን እኮ ነው!» ትላለች ደረቷን እየደቃች። ሙዙን ያኔ የሸጠችለት እሷ ናት። «ሐውልቷን ልንወስድ ነው ኦሬሊያ። ሳምንቱ እንዳላለቀ እናውቃለን፣ ግን እንግዲህ እንዲህ ካለ ቤት... ቄሱም የምስክር ወረቀቱን ቢልኩልኝ ብለዋል።» ለእናቴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ማኅበር ውስጥ ነው ያረጀችው፤ ስትሞት ዙሪያዋን ከበው የሚጸልዩላት እነሱ ነበሩ። ከማቀዝቀዣው ላይ ሐውልቷን አወረደች፣ አቧራዋን በቀሚሷ ጠረገች፣ አቀፈቻት፣ ሰጠቻት። «ቀስ ብለሽ ያዣት፣ ደረጃው ያንሸራትታል» አለች። ወረቀቱን ቴዎፊሎ ራሱ ከሚስማሩ አላቀቀው፤ መስታወቱን ግን የኔ ነው ብሎ አስቀረ።

ሄዱ። መንደሩ በየመስኮቱ ጆሮውን ተከለ። ቀትር አልፎ ነበር። እናቴ የቀረውን ዓሣና ሩዙን ጠረጴዛው ላይ አቀረበች። ቴዎፊሎ ባሮንጓን አውልቆ፣ አጥፎ፣ በካናቴራ ሆኖ እንደ ልማዱ ወደ ሣጥኑ ሄደ። እናቴ ሣጥኑን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችው። ባለመደገፊያዋን ወንበር እየጎተተች አመጣችና የጠረጴዛው ራስ ላይ አቆመችው። እሱ ጎንበስ ብሎ የወንበሩን እግር በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «ይሄ እግር ይነቃነቃል እኮ፣ ምስማር ቢመታበት...»

«ቴዎፊሎ» አለች እናቴ፣ ድምፇን ሳትቀንስ፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማ። «ቁጭ በል፣ ሩዙ ቀዘቀዘ።»

ቁጭ አለ።